ኖህ የተናገረባቸው ወራት

ወንድሜ ኖህ አፉን የፈታው እናታችንም አባታችንም በማይናገሩት ቋንቋ ነው። ይህን ስናገር የሚሰሙኝ ሰዎች በምሳሌ የተነገረ ነገር ይመስላቸዋል፤ አይደለም።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ዘመኑ ደርግ ወድቆ፣ በየጓዳው በሹክሹክታ ይጸልዩ የነበሩት የእናቴ ማኅበርተኞች ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ገና እየለመዱ ያሉበት ጊዜ ነበር። እኔ ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ፤ ኖህ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ ከአፉ ግን አንድ ቃል አልወጣም።

ጆሮው አልደነቆረም። «ጫማህን አምጣ» ሲሉት ያመጣል፤ አባባ መጣ ሲባል ወደ በሩ ይሮጣል፤ ይስቃል፣ ሲናደድ ይጮኻል። ጎረቤቶች «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አንዴ ከጀመረ ግን ዝም በል የሚለው ይጠፋል» እያሉ ያጽናኑ ነበር። እናቴ ሰናይት ግን አልተጽናናችም። ከመሥሪያ ቤቷ ስትመለስ የታይፕ ቀለም የነካካውን ጣቷን ሳትታጠብ ኖህን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጥና ከንፈሩን ታየዋለች። «እማ በለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እማ።» ኖህ ከንፈሯን በጣቱ ይነካል፤ ዝም ይላል። እሷ ትጾማለች። ከሰውነቷ እየሳሳች ስትሄድ፣ በልጅ አእምሮዬ፣ ኖህ የማይናገረውን ቃል ሁሉ እሷ ከሥጋዋ ቆርሳ የምትከፍልለት ይመስለኝ ነበር።

በግቢያችን የቋንቋ እጥረት አልነበረም። አባቴ ኢታና ከባድ መኪናውን ሲያጥብ በኦሮምኛ ያንጎራጉራል። እናቴ እህቷ ስትመጣ ወደ ጉራጊኛ ትገባለች፤ ምስጢሩ እኔና አባባ ላይ እንደሆነ በሳቃቸው እናውቃለን። የጥጉ ባለሱቅ ሚዛኑ ላይ ተደግፎ ዐረብኛ ያነባል። የዓለም ቋንቋ ሁሉ እኛ ደጃፍ ላይ ተጠራቅሞ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እንጀራዬ የቋንቋ ጥናት ሆኖ ሳስበው፣ ያ ሁሉ ልዩነት የአንድ ቤተሰብ ጭቅጭቅ ነበር። አማርኛውም ኦሮምኛውም፣ ጉራጊኛውም ዐረብኛውም፣ ሊቃውንቱ አፍሮ-እስያዊ ከሚሉት አንድ አሮጌ ግንድ የበቀሉ ናቸው፤ ተራርቀውም ቢሆን የአጎት ልጆች ናቸው። ከግንዱ ውጪ የሆነ፣ በእውነት ባዳ የነበረ ቋንቋ በግቢያችን አንድ ብቻ ነበር። እሱም በኋላ በኩል ባለችው ሰርቪስ ክፍል በኪራይ ይኖር ነበር።

ተከራይዋ ኡመይማ ትባላለች። ሰፈሩ «ሱዳኗ» ይላት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶብ በሚሉት ነጭ መጎናጸፊያ ከራስ እስከ እግሯ የምትጠቀለል፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ነበረች። ባሏ በገዛ አገሩ እስር ቤት ሞቷል ይባላል፤ ልጅ አልነበራትም። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ስብርባሪውን ግን ያለ ኀፍረት ትጠቀምበታለች።

እናቴ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ስለምትውል ኖህንና እኔን ኡመይማ ትጠብቀን ጀመር። በክፍሏ ግድግዳ ሥር፣ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የገዛችው ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል፤ በየማለዳው ንጹሕ ውሃ ትሞላዋለች። ወፎች ይጠጡበታል። ለወፎች የተቀመጠ መስሎኝ ነበር።

ኖህን ከፊት ለፊቷ ታስቀምጥና ታወራዋለች። ልብ ብዬ የማስታውሰው ይህን ነው፤ «በል» አትለውም፤ ከንፈሩን አታየውም። ሽንኩርት እየላጠች፣ ልብስ እየጠቀመች፣ ሰው ለጓደኛው እንደሚያወራ ታወራዋለች፤ አንዳንዴ ተቆጥታ፣ አንዳንዴ የሆነ ሰው አረማመድ እያሳየች፣ አንዳንዴ ራሷ ባወራችው እየሳቀች። እኛ ቤት ከኖህ ጋር የሚነጋገር ሁሉ መልስ ይጠብቅበት ነበር። እሷ ብቻ አትጠብቅም።

«ምን እያሉት ነው?» አልኋት አንድ ቀን።

«አገር። ቤት። ዘንባባ። አክስቴ፤ አክስቴ በጣም ክፉ ሰው፣ ዶሮ ይሰርቃል።»

«አገርዎ የት ነው?»

«ውሃ ውስጥ።»

«ውሃ ውስጥ? ታዲያ ሰዎቹ እንዴት ይተነፍሳሉ?»

ሽንኩርቱን አስቀምጣ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪፈስ። እንባው ከሽንኩርቱ ነው ብዬ ነበር። «ሰው ወጣ» አለችኝ በመጨረሻ። «ሕያው ወጣ። ሙት ቀረ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡመይማን ከውሃ በታች ካለ ከተማ የመጣች አድርጌ አሰብኋት፤ ቀለም የተቀቡ በሮች፣ በመስኮት የሚገቡ ዓሦች፣ በማዕበል የሚወዛወዙ ዘንባባዎች። ከጊዜ በኋላ መጻሕፍት አረሙኝ፤ ያረሙት ግን ያሰብሁትን ያህል አልነበረም። ኡመይማ ከሱዳን ሰሜን ጫፍ፣ ከሐልፋ ነበረች፤ አባይ በግብፆች ግድብ ተገትሮ ወደ ኋላ ሲያብጥ ከሰጠሙት የኖባ መንደሮች ከአንዱ። ሕዝቡን በባቡር ጭነው ወደ እኛ ድንበር የቀረበ፣ ወንዙን የማያውቁት ሜዳ ላይ አሰፈሩት። መቃብሮቹ ውሃው ሥር ቀሩ። የአገሯ ሰው ለሙታኑ መቃብር ላይ ውሃ ያስቀምጣል፤ መቃብር የሌላት ሴት ግድግዳ ሥር አስቀመጠች።

ኖህ የመጀመሪያ ቃሉን የተናገረው በእኔ ፊት ነው። ኡመይማ ከወረቀት ከረጢት ቴምር አውጥታ ሰጠችው፤ በላና እጁን እንደገና ዘረጋ። «ፈንቲ» አለ።

ኡመይማ ምንም አልደነገጠችም፤ ሌላ ቴምር ሰጠችው። እኔም ለማንም አልተናገርሁም፤ ቃል መሆኑን አላወቅሁማ። ቴምርን ቴምር ካላለ ምኑን ተናገረ? ከዚያ በኋላ ግን «ፈንቲ» ብቻ አልቀረም። ቃሎቹ እየተቀጣጠሉ ሄዱ፤ ኖህ ከኡመይማ ጋር ሲሆን ብቻ፣ እንደ እሷ እጁን እያወናጨፈ ያወራ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ሌላ ነገር የጠረጠርሁት። ለእኔ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ንግግር ነበር፤ አንዱ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት፣ እሱም ደጃፋችን ላይ ተሟልቶ ያለ፤ ሁለተኛው ደግሞ እሑድ ሳሎናችን ውስጥ፣ ዐይናቸውን የጨፈኑ ሰዎች አፍ ላይ የሚወርደው ልሳን። የኖህ ንግግር ከመጀመሪያው ወገን አልነበረም። ስለዚህ ከሁለተኛው ነበር። ኡመይማም በዚሁ ሒሳብ መልአክ ነበረች።

የእሑዱ ጸሎት ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ይደረግ ነበር። የሚመሩት ጋሼ ጉልላት ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው የታሰሩ፣ እስር ቤት ያጎበጠው ጀርባቸው የማይቃና፣ በማኅበሩ ሁሉ የተከበሩ ሽማግሌ። ልሳን የመተርጎም ጸጋ ነበራቸው። አንድ ሰው በልሳን ሲናገር ሁሉም ይጠብቃል፤ እሳቸው ትንፋሻቸውን ሰብስበው በአማርኛ ይፈቱታል። እናቴ እሑድን የመረጠችው ኡመይማ ሁልጊዜ የምትወጣበት ቀን በመሆኑ ነበር፤ ሱዳኗ ከአገሯ ልጆች ጋር ለመዋል ወደ ከተማ ትወርዳለች።

ሰዎቹ እየጸለዩ፣ በመሐል አንድ የዝምታ ክፍተት ሲገኝ፣ ኖህ ምንጣፉ ላይ ቆሞ ረጅም ነገር ተናገረ። ጥርት ያለ፣ የማያመነታ ድምፅ። ከዚያ በፊት ድምፁን በቃል መልክ የሰማ ሰው ከእኔ በቀር በክፍሉ አልነበረም።

«ሃሌ ሉያ» አለ አንድ ሰው ቀስ ብሎ።

ጋሼ ጉልላት እጃቸውን አነሡ። «ሕዝቤ ሆይ፣ ከሕፃናት አፍ ምስጋናን አዘጋጀሁ፤ የተዘጋውን ደጅ እከፍታለሁ፣ የሚዘጋውም የለም ይላል።»

እናቴ መሬት ላይ ተደፋች። ስታለቅስ አይቻት አውቃለሁ፤ እንዲያ ስትስቅ ግን አይቻት አላውቅም፤ ሳቁና ልቅሶው በአንድ ጉሮሮ ይወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቤታችን በሰው ተሞላ። ከአዲሱ ገበያ፣ ከዚያም ወዲያ ይመጣሉ። ለኖህ ብስኩት ይሰጡታል፤ ያወራል፤ ጋሼ ጉልላት ይፈቱታል። እናቴ መብላት ጀመረች፤ ጉንጯ ተመለሰ። ማታ ማታ ኖህን አቅፋ፣ «የእኔ ነቢይ» ትለዋለች፤ እሱም ጆሮዋ ውስጥ የማትረዳውን ነገር ያንሾካሹካል።

አባባ ከመንገድ የተመለሰው በዚህ መሐል ነው። የናፍጣ ሽታውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ኖህን ሰማው። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ወጥቶ መኪናውን ማጠብ ጀመረ፤ ያን ቀን ግን አላንጎራጎረም። የአባባን ዝምታ ፍርሃተ እግዚአብሔር ነው ብዬ ነበር። ሊሞት በታመመበት ክረምት ግን ራሱ ነገረኝ። በመተማ መስመር፣ ከወዲያ ማዶ የሚመጡ የሐልፋ ሾፌሮች ሻይ ቤት ውስጥ ያንን ቋንቋ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቷል።

«እና ለምን ዝም አልህ?»

«እናትሽ እየሳቀች ነበራ።» ቀጠለ፤ «እኔ ትምህርት ቤት ስገባ በአፌ ምክንያት ተደብድቤያለሁ። ሰው ልጅን በአፉ ምክንያት ሲያከብረው ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እንዴት ላፍርሰው?»

ኡመይማ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። ያወቀችው ከእሑዶቹ በአንዱ ወደ ከተማ ወርዳ ሳይሆንላት ቶሎ ስትመለስ ነው። ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ በሳሎኑ በር ስታልፍ፣ በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ኖህ መሐል ቆሞ ይናገር ነበር። ቆመች። ከዚያ በዚያው ቋንቋ፣ እንደ ዘወትሯ፣ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጠየቀችው። ኖህ ሳቀ፤ መለሰላት። ደግሞ ጠየቀችው። ደግሞ መለሰና ወደ እሷ ሮጦ ዳቦውን በሁለት እጁ ያዘ።

መልአኳ በሰው ሁሉ ፊት ተገለጠች ብዬ በደስታ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። አንዲት ሴት ግን ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ጋሼ ጉልላትን አየኋቸው፤ ፊታቸው አመድ ለብሷል። መልአክ ያዩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ እንደማውቀው ግን፣ ለስንት ሳምንት በእግዚአብሔር ስም የፈቱት ነገር የዳቦና የቴምር ወሬ መሆኑን በሰው ሁሉ ፊት የሰማ ሰው ፊት ነበር። በእስር ቤት ያልካዱ ሰው ናቸው። «ተሳስቻለሁ» ማለት ግን ከእስር ቤቱ የከበደ ሆነባቸው።

«ይህ የመንፈስ ልሳን አይደለም» አሉ። «ሌላ ነው።»

እናቴ ተነሣች። «ልጄን ምን አደረግሽው?»

«ምን አደረገ?» አለች ኡመይማ፤ ግራ ገብቷት እየሳቀች። «ልጅ አወራ! ሰናይት፣ ልጅ አወራ!»

«በምን ቋንቋ?»

«በእኔ።»

ጋሼ ጉልላት ወደ ግቢው ወጡ፤ ሰው ሁሉ ተከተላቸው። በግድግዳው ሥር ያለውን ሳህን በጫማቸው ጫፍ አመለከቱ። «ይህ ውሃ ለማን ነው?»

ለወፎች ነው ብዬ ልናገር አሰብሁ። ኡመይማ ግን መዋሸት የሚያስፈልግበት ጥያቄ አልመሰላትም።

«ለሙት» አለች።

ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ አልነበረም። ሳህኑን የሰበረችው እናቴ ናት። ኡመይማን ሁለት ሴቶች ክፍሏ በር ላይ ይዘው አቆሟት፤ ኖህን ወደ ሳሎን መልሰው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን ጭነው ይጸልዩ ጀመር። አባባ በሩ ላይ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁት፤ ሁለተኛውን አልተራመደም።

«ማን ነህ?» ጋሼ ጉልላት ጮኹ። «በኢየሱስ ስም! ስምህን ተናገር! ማን ነህ?»

ርኩስ መንፈስ ሲወጣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፤ እኔም አውቅ ነበር። መንፈሱ ስሙን ከተናገረ ኃይሉ ይሰበራል። ኖህ ደግሞ አማርኛውን እንደ ማንኛችንም ይሰማ ነበር። ተጠየቀ፤ መለሰ። ለጋሼ ጉልላት ሳይሆን፣ እጇን ደረቱ ላይ ወደጫነችው ወደ እናቴ ቀና ብሎ፣ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ተናገረ። ጥያቄው በተደጋገመ ቁጥር ያችኑ ደገማት፤ መጀመሪያ በደህና ድምፅ፣ ኋላ በለቅሶ።

«ብዙ ነን ይላል» አሉ ጋሼ ጉልላት። «ብዙ ነን! ውጣ!»

ከግቢው የኡመይማ ጩኸት መጣ። «ልጅሽ ነኝ ይላል! ሰናይት! ልጅሽ ነኝ ይላል!»

የሰማናት ሁላችንም ነን። ነገር ግን አጋንንት ሐሰተኞች እንደሆኑ፣ በተለይ እናትን በልጇ ድምፅ እንደሚያባብሉ ተምረን ነበር። ሰዎቹ መዝሙር አነሡ፤ መዝሙሩ ጩኸቷን እስኪውጠው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እናቴ ዐይኗን ጨፍና ከሁሉ አብልጣ ትዘምር ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ ኖህ ዝም ብሏል።

«ነጻ ወጣ» አሉ ጋሼ ጉልላት።

በማግሥቱ ኡመይማ አልነበረችም። ወደ ውሃው ተመለሰች ብዬ አመንሁ። ከትምህርት ቤት መልስ ድልድዩ ላይ ቆሜ፣ የቆዳ ቀለምና የፌስታል ጥራጊ ተሸክሞ በሚወርደው የቀጨኔ ወንዝ ውስጥ ቀለም የተቀቡ በሮቿን እፈልግ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ኪራዩ ተመልሶላት፣ ሻንጣዋን አባባ ይዞላት፣ እስከ አዲሱ ገበያ ሸኝቶ ታክሲ አሳፈራት። በመንገድ ላይ አንድ ቃል እንዳልተለዋወጡ ነግሮኛል። ከዚያ ወዴት እንደሄደች፣ በሕይወት መኖሯን ማንም አያውቅም፤ ብዙ ጠይቄያለሁ።

ኖህም ቃል ሳያወጣ ዓመታት አለፉ። ትምህርት ቤት ከገባ ቆይቶ አማርኛ ጀመረ፤ ዛሬም የሚናገረው ከሰው ቤት የተዋሰውን ዕቃ እንደሚይዝ ሰው ተጠንቅቆ ነው፤ ተጠቅሞ ቶሎ ይመልሰዋል። ሥራው እንጦጦ ተረተር ላይ፣ እጽዋት ማዕከሉ ውስጥ ችግኝ መንከባከብ ነው። «ኡመይማን ታስታውሳታለህ?» ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። ትከሻውን ሰበቀ። እናቴም ስሟን አንሥታ አታውቅም።

እኔ ግን ያንን ቋንቋ ተከትዬ ሄድሁ። የቋንቋውን ዘመዶች አገኘኋቸው፤ በኮርዶፋን ኮረብታዎች፣ በዳርፉር ጫፍ። ከእኛ ጋር ግን፣ ከአንድ ወንዝ ውሃ እየጠጣን፣ የሚያዛምደን ግንድ የለም። ደግሞም በመካከለኛው ዘመን የኖባ ነገሥታት ክርስቲያን በነበሩበት ጊዜ ወንጌልና መዝሙረ ዳዊት በዚያ ቋንቋ ጥንታዊ መልክ ተጽፎ ነበር፤ ስለ ሊቀ መላእክት ሚካኤል የተጻፈ ድርሳን ሳይቀር። ሳሎናችን ውስጥ በኢየሱስ ስም እንዲወጣ የታዘዘው ቋንቋ፣ በዚያው ስም ለዘመናት ሲጸለይበት የኖረ ነበር።

ካርቱም በጦርነት ስትነድ ከሸሹት መካከል ኢክረማ የሚባል የሐልፋ ልጅ ዩኒቨርሲቲያችን መጣ፤ አብረን መሥራት ጀመርን። ያችን አጭር ዐረፍተ ነገር፣ በጆሮዬ ተቀርጻ እንደቀረች፣ ደገምሁለት። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አለኝ ፈገግ ብሎ። ትርጉሟን ነገረኝ። ኡመይማ የተናገረችው ነበር፤ አንዲት ቃል አልጨመረችም፣ አላጎደለችም።

ባለፈው እሑድ ኢክረማን ምሳ ጋበዝሁት። እናቴ አርጅታለች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት በመስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ኖህም ነበር፤ እንደ ልማዱ ሳህኑን ይዞ ደጃፉ ላይ። ከኢክረማ ጋር በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየደባለቅን ስንጫወት፣ ስልኩ ጮኸ። ይቅርታ ጠይቆ ወደ ግቢው ወጣ። ከዚያ ድምፁን ሰማነው፤ ፈጣን፣ ልቅ፣ አንዳንዴ የሚቆጣ፣ አንዳንዴ የሚስቅ።

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ኖህ ደጃፉ ላይ ተነሥቶ ነበር። ወደ ኢክረማ ተጠጋ፤ ሰው ስልክ የሚያወራን ሰው በማይጠጋው ቅርበት ተጠጋና ቆመ። ፊቱን በመስኮቱ እናየው ነበር። ቃሉ እንዳልገባው ግልጽ ነው፤ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ስሙን ለማስታወስ እንደሚታገል ሰው ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር።

«ያ ነው?» አለች እናቴ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ከማን ጋር ነው የሚያወራው?»

«ከእናቱ ጋር። ካይሮ ናት።»

እጇ መስኮቱ ላይ ነበር። ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት እሱን ይመስለኛል።

«ሮሐ» አለችኝ ፊቷን ሳትመልስ። «ሂጂና ስልኩን እንዳይዘጋው ንገሪው።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ኢክረማ እየተሰናበተ ነበር፤ አጠገቡ ስደርስ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ወደ ኪሱ ከቶታል። ግቢው ጭር ብሏል። ኖህ ግን ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ ገና እየሰማ ነበር።